ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አትላንታ፦ «ዲኬተር» የሚል አድራሻ ሁሉ ዲኬተር አይደለም

ሰላም እህቴ። «ወደ አትላንታ ልንዛወር ነው፤ ባለቤቴ ኤርፖርት ሥራ አግኝቷል፤ ሁለት ተማሪ ልጆችና አንድ መኪና አሉን፤ የቱ ሰፈር ይሻለናል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ መጀመሪያ የባለቤትሽን የሥራ ሰዓት አረጋግጪ፤ ሰፈሩን የሚመርጥልሽ እሱ ነው።

ፈረቃው የቀን ከሆነ በባቡር ይሂድ፤ መኪናዋ ላንቺና ለልጆቹ ትቀራለች። የኛ ሰው በብዛት ያለው በዲካብ ካውንቲ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፦ ክላርክስተን፣ ተከር፣ ስቶን ማውንቴን። ከነዚህ ክላርክስተን ለኢንዲያን ክሪክና ለኬንሲንግተን ጣቢያዎች ይቀርባል። በሰማያዊው መስመር ፋይቭ ፖይንትስ ይወርድና ወደ ደቡብ የሚሄደውን ቀይ ወይም ወርቃማ መስመር ይይዛል፤ መጨረሻው ኤርፖርቱ ውስጥ ነው። ማታ ከመሸ ቀዩ እስከዚያ ስለማይመጣ ወርቃማውን ይጠብቅ።

ሥራው ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ ግን ባቡር አይደርስለትም። ያን ጊዜ ኤርፖርቱ ጥግ ያሉትን ኢስት ፖይንትንና ኮሌጅ ፓርክን እዪ። ማኮብኮቢያዎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ስለሆኑ ጩኸቱ የሚበረታው በነዚያ ሁለት አቅጣጫዎች ነው፤ በስተሰሜን ያለው ኢስት ፖይንት ይሻላል። ቤቱን ስታዪ መስኮቱን ከፍተሽ 20 ደቂቃ ቁጭ በዪ።

ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው አድራሻ ላይ ነው። እዚህ አገር ፖስታው ላይ የሚጻፈው የከተማ ስም የምትኖሪበትን ከተማ አይነግርሽም። ዲኬተር ከተማ የራሱ የትምህርት ቤት አስተዳደር አለው፤ ትንሽ ነው፣ ኪራዩም ግብሩም ውድ ነው። «ዲኬተር» የሚለው አድራሻ ግን ከከተማው ወሰን አልፎ ሩቅ ይሄዳል፤ 30034 ዚፕ ኮድ ያለው ሰፈር ልጆቹን የሚያስተምረው በካውንቲው ትምህርት ቤቶች ነው። ስቶን ማውንቴን 30087 ደግሞ ከዲካብ ተነስቶ ግዊኔት ካውንቲ ይገባል፤ ዚፕ ኮዳቸው አንድ የሆነ ሁለት ቤቶች ልጆቻቸውን ወደየካውንቲያቸው ይልካሉ። ማስታወቂያ አምኖ የ12 ወር ውል የፈረመ ሰው ይህን የሚያውቀው ልጆቹን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ነው፤ ውል ማፍረስ ደግሞ ያስከፍላል። ስለዚህ ሳትፈርሚ የቤቱን ሙሉ አድራሻ በካውንቲው የንብረት ግብር ድረ ገጽ ፈልጊ፤ በየትኛው የግብር ክልል እንዳለ ያሳይሻል። ከዚያ ያንኑ አድራሻ በትምህርት ቤት አስተዳደሩ መፈለጊያ ላይ አስገቢ። ሁለቱ ካልተስማሙ ስልክ ደውለሽ አጣሪ።

ክላርክስተን ውስጥ አፓርትመንቱ እንደየግቢው ይለያያል። ማታ ሂደሽ የመኪና ማቆሚያውን መብራት እዪ፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁምሳጥን ከፍተሽ እርጥበትና በረሮ ፈልጊ። ከኪራዩ ላይ የውሃ፣ የቆሻሻና የተባይ ማጥፊያ ለብቻ የሚጨምሩ ስላሉ የወሩን ጠቅላላ ድምር በጽሑፍ ጠይቂ።

ግዊኔት፣ ማለትም ሊልበርንና ስኔልቪል፣ ቤት ለሚገዛ ጥሩ ናቸው። ባቡር ግን የላቸውም፤ የካውንቲው ሕዝብ በ2019ም በ2020ም ለትራንስፖርት ማስፋፊያ የቀረበውን ግብር በድምፅ ጥሎታል። በአንድ መኪና አልመክርሽም። መሃል ከተማ፣ ኦልድ ፎርዝ ዋርድና ኢንማን ፓርክ፣ ቤልትላይን የእግር መንገድ ከተሠራ ወዲህ ኪራዩ አይቀመስም።

ለመኪናዋም ገንዘብ ያዢ። ከገባሽ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለብሽ፤ ለአዲስ ነዋሪ ግብሩ ከመኪናዋ ግምት 3 በመቶ ነው፤ የጭስ ምርመራው ከ25 ዶላር አይበልጥም፤ እሱን ቀድመሽ አስጨርሺ።