ቦዲው ነው ሌንሱ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ የካሜራ ጥያቄዎች መልስ

ደሴ ውስጥ ሰርግ፣ ምርቃትና ክርስትና እያነሳሁ ነው የምኖረው። «መጀመሪያ ምን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሰሞኑን «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ የመጡትን እነሆ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፦ ወገንተኛ ነኝ። ገንዘብ ካነሰ ቦዲው (ሌንስ የሌለው ካሜራው ራሱ) ላይ ቀንሼ ሌንሱ ላይ እጨምራለሁ። መልሶቼን በዚህ ዓይን አንብቡልኝ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደሴ)፦ ካኖን 4000ዲ፣ ካኖን 2000ዲ እና ኒኮን ዲ3500 መሃል ግራ ገብቶኛል። የቱን ልያዝ?

4000ዲን ተወው። የረከሰው በምክንያት ነው። ሌንሱ የሚገባበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው። ስክሪኑ ትንሽና ደብዛዛ ነው። መነጽር የምታደርግ ከሆነ ደግሞ መመልከቻውን ለዓይንህ የምታስተካክልበት ነገር የለውም። አብሮት የሚሸጠው 18-55 ሚሊሜትር ዙም ሌንስም ብዙ ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋው ዓይነት አይደለም። ሌንሱ ላይ «አይኤስ» የሚል ጽሑፍ ፈልግ፤ ከሌለ ማረጋጊያ የለውም።

የቀሩት ሁለቱ በ2018 የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም 24 ሜጋፒክስል ናቸው። ቦዲ ለቦዲ ካየናቸው ኒኮኑ ይበልጣል። እሱ በሰከንድ 5 ፎቶ ሲያነሳ ካኖኑ 3 ነው። የኒኮኑ ባትሪ በመደበኛው መለኪያ 1550 ፎቶ ይሄዳል፣ የካኖኑ 500። መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ታዲያ ኒኮኑን ልበልህ? ቆይ፣ መጀመሪያ ዙሪያህን እይ። ጓደኛህ፣ የአጎትህ ልጅ፣ አብረኸው የምትሠራው ሰው ምን ይዟል? እኔ የማውቃቸው የሰርግ ሰዎች አብዛኞቹ ካኖን ነው የያዙት። ያ ማለት ቅዳሜ ሰርግ ቢኖርህ ዓርብ ማታ ሌንስ የሚያውስህ አለ ማለት ነው። ካኖን ከ1987 ጀምሮ የሠራቸው በራሳቸው ፎከስ የሚያደርጉ ኢኤፍ ሌንሶች 2000ዲ ላይ ይገጥማሉ፤ ፎከሳቸውም ይሠራል። ኒኮን ላይ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ከታች እመጣበታለሁ። ስለዚህ ካኖን ያለው ዘመድ ካለህ 2000ዲ፣ ብቻህን ከሆንክ ዲ3500።

ካኖኑ አንድ ወጥመድ አለው። 2000ዲ ላይ ከፍላሽ ማስቀመጫው መሃል መኖር የነበረባት ነጥብ የለችም። 4000ዲና 250ዲም ላይ የለችም። በዚህ ምክንያት የካኖን ያልሆኑ ብዙ ርካሽ ፍላሾች እነዚህ ላይ አይበሩም። ፍላሽ ስትገዛ ካሜራህን ይዘህ ሂድና እዚያው ሞክር። ያገለገለ 1300ዲ ካገኘህ ይህ ችግር የለበትም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ኒኮን ዲ3400 አለኝ። ጓደኛዬ 50 ሚሊ ሌንስ አዋሰኝ፣ ግን ፎከስ አያደርግም። ሌንሱ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም ወንድሜ። በዚያ ሌንስ ላይ 1.8ዲ የሚል ጽሑፍ አለ ብዬ እገምታለሁ። የድሮዎቹ የኒኮን ሌንሶች በውስጣቸው ሞተር የላቸውም፤ ፎከሱን የሚያዞርላቸው ቦዲው ውስጥ ያለ ሞተር ነው። የዲ3000 እና የዲ5000 ቤተሰብ የሆኑት (እንደ ዲ3400ና ዲ5600 ያሉት) ርካሽ ቦዲዎች ያን ሞተር አልያዙም። እንደ ዲ7200 ያሉት ይዘዋል። አንተ የሚያስፈልግህ «ኤኤፍ-ኤስ» የተጻፈበት 50 ሚሊ 1.8ጂ ነው። 50 ሚሊ 1.8ው ዲ ሲሆን እጅህ፣ ጂ ሲሆን ካሜራው ይሠራል።

እስከዚያ ግን የጓደኛህን አትመልስ። ሌንሱ ላይ ያለችውን የቁጥር ቀለበት 22 ላይ አድርገህ ቆልፋት፤ አለዚያ ካሜራው ስህተት ጽፎ እምቢ ይልሃል። ከዚያ ፎከሱን በእጅህ አዙር። ትክክል ሲሆን መመልከቻው ውስጥ በግራ በኩል አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች። ለሚሮጥ ሕፃን አይሆንም እንጂ ቁጭ ላለ ሰው በጣም ያምራል።

ጥያቄ (ጀማሪ የሰርግ ፎቶ አንሺ፣ ደሴ)፦ ቀን ጥሩ አነሳለሁ። ማታ አዳራሽ ውስጥ ግን ሁሉም ይጨልማል ወይም ይደበዝዛል። ቦዲ ልቀይር?

አትቀይር! ያለህ 18-55 ዙም ሲደረግ መክፈቻው (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ኤፍ 5.6 ላይ ይጠባል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 50 ሚሊ 1.8 ሌንስ ከሱ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) 6400 የጠየቀህ ፎቶ በ640 ይነሳል ማለት ነው። ውድ ቦዲ ገዝተህ ይህን ያህል ልዩነት አታገኝም። የካኖን 50 ሚሊ 1.8 ኤስቲኤም ደግሞ ከካኖን ሌንሶች እጅግ ርካሽ ከሚባሉት ነው።

ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ደግሞ ያዝ። አዳራሹ በነጭ ሸምበቆ (ፍሎረሰንት) መብራት የተሞላ ከሆነ የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሹተርህ ከሰከንድ አንድ መቶኛ (1/100) ከፈጠነ አንዱ ፎቶ ቢጫ፣ ቀጣዩ ጨለማ ይወጣል። 100ኛ ላይ ቁም። ሙሽሮቹ እስክስታ ሲወርዱ ግን 100ኛ አይበቃም፤ ያኔ ፍላሽ ነው። ፍላሹን ፊት ላይ አትተኩስ፤ ነጭ ኮርኒስ ካለ ወደ ላይ አዙረው። ድንኳን ውስጥ ግን ይህን ዘዴ እርሳው። ቀይ ድንኳን ላይ ያነጠርከው ብርሃን እንግዳውን ሁሉ በርበሬ የነካው ያስመስለዋል። እዚያ ፍላሹን ኃይሉን ቀንሰህ በቀጥታ፣ ነጭ ነገር ጋርደህበት።

ቦታ ጠባብ ሲሆን 50 ሚሊ ያስቸግራል። እነዚህ ቦዲዎች ሴንሰራቸው (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ ካኖን ላይ እንደ 80 ሚሊ ያያል። ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎቹን በሙሉ ላስገባ ብትል ጀርባህ ግድግዳ ይነካል። ለቤተሰብ ፎቶ 18-55ህን አውጣ።

ጥያቄ (እናት፣ ደሴ)፦ ልጄ ካሜራ ግዢልኝ ትለኛለች። ስልኳ አይበቃትም ወይ?

እማማ፣ ልጅዎ የምታነሳው ለራሷና ለጓደኞቿ ከሆነ ስልኳ ይበቃታል፤ ገንዘብዎን አያውጡ። በሙያው እንጀራ ልትበላበት ካሰበች ግን ስልክ አያስተምራትም፤ ሁሉን ነገር ራሱ ይወስናልና። ያገለገለ ካኖን 700ዲ ወይም 1300ዲ ከ18-55 ጋር ይግዙላት። አዲስ አያስፈልጋትም። አንቱ የሚያምኑት ፎቶ ቤት ካለ ከመክፈልዎ በፊት ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ምን ይታያል?

ሌንሱን አውልቀህ የስልክህን መብራት ከኋላው አብራበት። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰድ። የደሴ ጉምና የተዘጋ ቦርሳ አንድ ላይ ሆነው ይህን ያመጣሉ። ከዚያ ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ንጹሕ ሰማይ አንሳ። ጥቁር ነጠብጣብ ከወጣ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። አቧራ ይጠረጋል፤ ጭረት ግን አይለቅም።

ስንት ጊዜ እንደተነሳበትም ጠይቅ። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ራሱ ይጽፈዋል፤ የዚህ ደረጃ ካኖን ግን አይጽፍም፣ ስለዚህ ሻጩ «ብዙም አልሠራም» ቢል ከፎቶው ፋይል ማረጋገጥ አትችልም። የዚህ ደረጃ ካሜራ ሹተር በተለምዶ 100,000 ፎቶ ግድም ነው የሚገመትለት። ቻርጀሩ አብሮ መኖሩንም እይ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ጠዋት ደሴ አንስቼ ስወርድ ሌንሴ እንፋሎት ይይዛል። ተበላሽቷል?

የለም። ደሴ 2500 ሜትር ግድም ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 ግድም። በመሃላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ስትወርድ የቀዘቀዘው ሌንስ ሞቃትና እርጥብ አየር ያገኘዋል፤ ላቡ ከዚያ ነው። ቦርሳውን እንደተዘጋ ተወውና ቀስ ብሎ ይሙቅ። በሸማ እየጠረግክ መስታወቱን አትፈግፍግ።

ጥያቄ፦ ከአዝዋ ገደል የደሴን ከተማ አቅርቤ ማንሳት እፈልጋለሁ። ካኖን 75-300 ርካሽ አገኘሁ።

አትግዛው። ማረጋጊያ የለውም፤ 300 ላይም ይደበዝዛል። ትንሽ ጨምረህ 55-250 ኤስቲኤም ያዝ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ መንዙማ በቪዲዮ እቀርጻለሁ። ድምፁ ግን አይጠራም።

የካሜራው ማይክ መጥፎ ስለሆነ ነው። ውጫዊ ማይክ የምትሰካበት ቀዳዳ ያስፈልግሃል፤ ይህን ሳያዩ ገዝተው የሚያዝኑ ብዙ ናቸው። 2000ዲ፣ ዲ3400 እና ዲ3500 የላቸውም። 700ዲ፣ 250ዲ፣ ዲ3300 እና ዲ5600 አላቸው። አዎ፣ ዲ3300 ኖሮት ዲ3400 ላይ አነሱት፤ ኒኮኖች ምን አስበው እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ያለህን ካሜራ መቀየር ካልቻልክ ድምፁን በስልክህ አጠገባቸው ሆኖ የሚቀዳ ሰው መድብ፣ በኋላ ታገጣጥማለህ። ሲጀመር አንዴ አጨብጭቡ፣ ድምፁን ከምስሉ ጋር ለማገጣጠም ይረዳሃል።

ጥያቄ፦ የ700ዲና የ1300ዲ 18 ሜጋፒክስል አያንስም?

44 በ29 ሳንቲሜትር ጥርት አድርጎ ያትማል። ለአልበም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ ዓይነት ካሜራ) መጥቶ ሳለ ይህን መግዛት ኪሳራ አይደለም?

እውነት ነው፣ ካኖንም ኒኮንም አዲሱን ሥራቸውን ወደዚያ አዙረዋል። ለገዢ ግን ጥሩ ጊዜ ነው፤ ሰዉ እየለወጠ የድሮውን ይሸጣል። ኢኤፍ ሌንስህም በአዳፕተር የካኖን ሚረርለስ በሆነው አር50 ላይ ከነፎከሱ ይሠራል። የኒኮን ኤኤፍ-ኤስም እንዲሁ በኒኮን አዳፕተር የኒኮን ሚረርለስ በሆኑት ዜድ ካሜራዎች ላይ ይሠራል፤ ሞተር የሌለው ያ ዲ ሌንስ ግን በዚያ አዳፕተርም በእጅ ነው።