አሮጌ ናፍጣ መኪና ይታደስ ወይስ ይቀየር? የጎንደር ሰዎች ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ናፍጣ መኪና ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ ብዬ ነበር። ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ጥያቄው ጎረፈ። ዕድሜዬን በናፍጣ ሞተር ላይ ስላሳለፍኩ የማውቀውን ሳልቆጥብ እመልሳለሁ። አብዛኞቻችሁ «ልሽጠው ወይስ ላሳድሰው?» ያላችሁኝ ሞተሩ ሳይለካ ነው። እኔ ሳይለካ በሞተር ላይ አልፈርድም። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰልቻችሁ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ጋሼ፣ ከአባቴ የወረስኩት ሃይሉክስ ፒካፕ አለኝ። ሞተሩ 3ኤል የሚባለው ናፍጣ ነው። ጠዋት ለመነሳት ይለግማል፣ ዘይትም ይበላል። ሰው ሁሉ «ሞተሩ አልቋል፣ ሽጠው» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጭሱን እይ። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ አውጥቶ ሲሞቅ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካንዴላ ነው። ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ተቃጥለው ይሆናል። የጎንደር ጠዋት ብርድ መሆኑን ታውቀዋለህ። ካንዴላው ካልሞቀ ናፍጣ በቀላሉ አይነሳም። ሞተር አልቋል የሚያሰኝ ነገር አይደለም። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ከዚያ ሞተሩ ይሙቅ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ገልብጠህ ቀዳዳው ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ተንቀጥቅጦ እዚያው ከተቀመጠ ጥሩ ነው። ዘሎ ከወደቀና በቀዳዳው ጭስ ከተትጎለጎለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደክሟል ማለት ነው። ግፊቱ በፒስተኑ ጎን እያመለጠ ወደ ታች ይወርዳል።

ቀጥለህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን የአየር ግፊት) አስለካ። ጌጁ የናፍጣ ይሁን፤ የቤንዚኑ ይህን ግፊት አይችልም። እዚህ ላይ ልብ በል፤ በእኛ አገር ብዙ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ለዕድሳት ተፈትቶ የሚወርደው በዚህ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ ለ3ኤል 30 ባር አካባቢ ይላል። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ እዚህ 24 ያነበበ ሞተር ደህና ሞተር ነው። መካኒኩ መጽሐፉን ይዞ «አነሰ፣ ይውረድ» ቢልህ እሺ አትበለው።

ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት እይ። ሦስቱ 24 ብለው አንዱ 17 ቢል፣ ችግሩ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሊሆን ይችላል። ቴስታታ ማውረድና ሙሉ ሞተር ማውረድ ደግሞ በወጪ አይገናኙም። አራቱም እኩል 15 አካባቢ ከወረዱ ግን አዎ፣ ዕድሳት ነው።

ዘይት ይበላል ላልከው፣ ማታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፈህ አሳድረው። ጠዋት ካርቶኑ ከቆሸሸ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። ያ በጓርኒሲዮንና በኦይል ሲል የሚያልቅ ሥራ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የዕድሳቱ ዋጋ ስንት ሲደርስ ነው «በቃ» የምለው?

መልስ፦ ብዙ ሰው የዕድሳቱን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ጋር ያወዳድራል። እኔ የምለው በዚያው ብር ምን እንደምትገዛ አስብ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪው ለውጥ መጣና መለዋወጫው ሰማይ ነካ። እንግዲህ ያንተን ሸጠህ፣ ብዙ ብር ጨምረህ፣ በአብዛኛው የምታገኘው የሌላ ሰው አሮጌ ናፍጣ ነው። ያንተን ሕመም ታውቀዋለህ። የሱን ግን ሻጩና ደላላው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ይህ ሁሉ ግን ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው ዋና ብረት) ደህና ሲሆን ነው። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይታደሳል። በባሌስትራው መያዣ በኩል ተሰንጥቆ፣ ተበይዶ፣ እንደገና ተሰንጥቆ የተበየደ ሻንሲ ላይ ግን ብር አታፍስስ። ጭቃውን አሳጥበህ ከሥር ተኝተህ እየው። በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለህ ምታው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ብረቱ አለ። ድፍን ድምፅ ከሰጠና ዝገት ከተራገፈ ያንን መኪና ልቀቀው። ለሚገዛህም ሰው እውነቱን ንገረው፤ ሊማሊሞን ቤተሰቡን ጭኖ ሊወርድበት ይችላል።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ እህት)፦ ባለቤቴ የድሮዋን ሸጦ ባለ 3 ሊትር ዲፎርዲ (D-4D የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ) ሊገዛ ነው። «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው፣ ጉልበት አለው» ይላል። ልደሰት ወይስ ልስጋ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጉልበቱ እውነት ነው። ቱርቦ ስላለው የጎንደር ስስ አየር ብዙም አይከብደውም። ዳገት ላይ የድሮዋ ጥቁር ጭስ እያጨሰች ስትንፏቀቅ እሱ ያልፋል። ነዳጅ አጠቃቀሙም ይሻላል።

ስጋቴ ሌላ ነው። 1ኬዲ የሚባለው ይህ ሞተር ኢንጀክተሮቹ ሥር የመዳብ ማኅተሞች አሉት። ብዙ ከሠራ በኋላ ይለቃሉ። ሲለቁ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ካርቦኑ ወርዶ በዘይት መያዣው ውስጥ ያለውን የመምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ከዚያ ዘይት ወደ ላይ አይወጣም። ሞተሩ ውጭ ሲታይ ምንም የለበትም፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይነክሳል፣ ደርቆ ይቆማል። አንዴ ወንፊቱን አውርጄ ሳየው ቀዳዳው ሁሉ እንደ ሬንጅ በጠነከረ ጥቁር ነገር ተሞልቶ ነበር፤ ጥፍር አይነቅለውም።

ስለዚህ ከመግዛቱ በፊት የዘይት መያዣው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። ኢንጀክተሮቹም ማሽን ላይ ይፈተሹ። ሻጩ «አይወርድም» ካለ ባለቤትሽ ብሩን ይዞ ይመለስ። የአንድ ኢንጀክተር ዋጋ የድሮዋን መኪና ብዙ ነገር ያስጠግናል።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ሲብስ በጀሪካን የሚሸጠውን እሞላለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ፖምፓው ደርቆ ይበላል። የግድ ከሆነብህ በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ቅዳና አቆየው። ውሃ ካለው ከሥር ይለያል፤ ነጭ ጋዝ ግን በዓይን አይታወቅም። የፊልትሮውን የውሃ ማውጫ ቡሎን አዘውትረህ ክፈት። ዲፎርዲ ከሆነ መኪናህ፣ የጀሪካኑን ጨርሶ አትንካ።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ መምህርት)፦ ናፍጣውን ትቼ ኤሌክትሪክ መኪና ብገዛስ?

መልስ፦ ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ ብቻ የምትመላለሺ ከሆነ፣ አዎ፣ እኔ የናፍጣ ሰው ሆኜ እመክርሻለሁ። ናፍጣ ሞተር በአጭር መንገድ ሳይሞቅ ሲጠፋ ቶሎ ያረጃል። ኤሌክትሪኩ ይህ ችግር የለበትም፣ ቁልቁለት ላይም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆንሽ ግን ሁልጊዜ ግማሹን ሳይጨርስ ሰኪው። ያገለገለ ከሆነ ከሞተሩ በፊት የባትሪው ጤና በኮምፒውተር ይነበብ። ወደ መተማ ወይም ሁመራ ሥራ ላለው ሰው ግን ገና አልመክርም።

ጥያቄ (ከዳባት)፦ ሞተር ከማሳደስ ያገለገለ የዱባይ ሞተር ገዝቼ ብቀይርስ?

መልስ፦ ከመግጠምህ በፊት ኮምፕሬሽኑ ይለካ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስላለ የግዢውን ሕጋዊ ሰነድ ያዝና ለውጡን አስመዝግብ። ያላስመዘገበ ሰው ቦሎ ላይም ሽያጭ ላይም ይቸገራል።

ጥያቄ (ከደባርቅ፣ አባት)፦ ልጄ፣ 1ኤችዜድ ላንድ ክሩዘር አለችኝ። ልጆቼ «አርጅታለች፣ ቀይራት» ይሉኛል። እኔ ምንም አላየሁባት።

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ይህ ባለ 4.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ሞተር ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ዘይቱና ፊልትሮው በጊዜው ከተቀየረ ከብዙ አዲስ መኪና ይበልጣል። አይሽጧት።

አንድ ነገር ግን ይጠይቁልኝ። የታይሚንግ ቺንጊያዋ (ቫልቭና ፒስተኑን የሚያቀናጀው ቀበቶ) መቼ ተቀየረ? በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ቺንጊያውን ሳይቀይር መብራቱን ብቻ የሚያጠፋ ግን አለ። ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ያኔ ነው ሞተሩ የሚያልቀው። መቀየሩን የሚያረጋግጥልዎ ሰው ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩትና ወደ ሊማሊሞ ከመውረድዎ በፊት ያስቀይሩት። ውጥረት ማስተካከያውም አብሮ ይቀየር።