«ብቸኛ» የምትለዋን ቃል ሳትፈልግ እንዳትፈርም

ወንድሜ፣ «ዘፈኔን ለፊልም ሊወስዱት ነው፤ ውሉ ‹አሁን ባለና ወደፊት በሚፈጠር ማንኛውም ሚዲያ፣ ለዘለቄታው› ይላል፤ ልፈርም?» ብለህ የጠየቅከውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ፈርሜ ተቃጥያለሁ።

1. «ማንኛውም ሚዲያ» የሚለው እንደሚያስፈራው አይደለም። ፊልሙ ነገ በሌላ መንገድ ቢታይ እንደገና ፈቃድ ላለመጠየቅ ነው የሚያስገቡት። «ለዘለቄታው» ግን ቀልድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት፣ የበርን ስምምነት የሚባለው፣ እንኳ ያስቀመጠው ዝቅተኛው የመብት ዕድሜ ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ነው። ልጆችህንም ይነካል ማለት ነው። ስለዚህ «በዚህ ፊልም ውስጥ ብቻ» የሚል ይኑረው። ከሌለ ነገ ማስታወቂያ ላይ ትሰማዋለህ።

2. «ፈቃድ ይሰጣል» እና «መብቱን ያስተላልፋል» አንድ አይደሉም። አንዱ ማከራየት ነው፣ ሌላው መሸጥ። ይህንንስ አውቅ ነበር። እኔን ያስበላችኝ «ብቸኛ» የምትል ቃል ናት፤ ከእነሱ በቀር ማንም፣ አንተ ራስህም፣ ዘፈኑን አትጠቀምበትም ማለት ናት። ፈቃዱ የሚሰጥበት አንቀጽ ላይ የለችም። መጀመሪያው ገጽ ላይ፣ የቃላት ትርጉም ውስጥ፣ «ፈቃድ ማለት ብቸኛ ፈቃድ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ያንን ገጽ ማን ያነበዋል ብዬ አለፍኩት። ከአራት ወር በኋላ ዘፈኑን የራሴ ቻናል ላይ ብጭነው የመብት ይገባኛል ጥያቄ መጣብኝ። በገዛ ድምፄ! በገዛ ዜማዬ! ድርጅቱ ጋ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ «ፊርማው ያንተ አይደለም እንዴ?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. ድርሰቱና ቅጂው ሁለት መብት ናቸው። ግጥምና ዜማው አንድ፣ ስቱዲዮ የተቀረጸው ማስተር ሌላ። የኔ ውል «ሙዚቃው» ብሎ ሁለቱንም ጠቅልሎ ወሰደ። ሁለተኛው ውሌ ላይ ግን አልተበላሁም። ለየብቻ አስጻፍኳቸው። «ብቸኛ»ን አሰርዤ «ብቸኛ ያልሆነ» አስገባሁ። «የተጣራ ገቢ» የሚለው ስር ምን ምን ወጪ እንደሚቀነስ አንድ በአንድ አስዘረዘርኩ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚፈርመው» እያሉ ሦስት ቀን ተከራከሩኝ። በአራተኛው ቀን ፈረሙ። ያንን ውል እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

አንተ ዛሬ ማታ የትርጉም ገጹን ብቻ አንብበው። «ፈቃድ» ለሚለው ምን ትርጉም እንደሰጡት ጻፍልኝና አብረን እናየዋለን። እስከዚያ እስክሪብቶ እንዳትነካ።