ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው የእስፓ ቀኑን እንዴት ይዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ54 ዓመት ሴት ነኝ። ለደም ግፊት አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳር ደግሞ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ልጆቼ “አንድ ቀን እንኳ ለራስሽ አርፈሽ ዋይ” ብለው በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ባለ እስፓ የሙሉ ቀን አገልግሎት ገዝተውልኛል። መንገዱ በጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ እኔን ደግሞ ጀልባ ያቅለሸልሸኛል። ፕሮግራሙ ሳውና፣ ስቲም (የእንፋሎት ክፍል)፣ ጃኩዚ (ውሃ የሚፈናጠርበት ሙቅ ገንዳ)፣ በጋለ ድንጋይ የሚሠራ ማሳጅ፣ የፊት ስክራብ፣ ፔዲኪዩርና በመጨረሻ ባሕር ውስጥ መዋኘት ነው። የቱን ልተው? የዚያን ቀን መድኃኒቴን ባልወስድስ? አብራኝ የምትሄደው ልጄ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ለእሷስ?

መልስ፦ ይሂዱ፣ ይደሰቱበትም። ግፊትዎ በመድኃኒት ተስተካክሎ ከቆየ፣ ሲራመዱ ደረትዎን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ከሌለዎት፣ በቅርብ ወራትም ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ካልገጠመዎት የሚያስቀርዎት ነገር የለም። ፕሮግራሙን ግን እንደተጻፈው አይቀበሉት። ሳውናው ብቻውን፣ ማሳጁ ብቻውን ወይም ፀሐዩ ብቻውን አይጥልዎትም። የሚጥለው ሙቀት በሙቀት ላይ፣ እሱም በመድኃኒትና በጎደለ ሆድ ላይ ሲደራረብ ነው። ስለዚህ ከሳውና፣ ከስቲምና ከጃኩዚ አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ ሌሎቹን አገልግሎቶችም አራርቀው በሌላ ቅደም ተከተል ያስይዙ።

ከመድኃኒቱ ልጀምር። በራስዎ ፈቃድ አይዝለሉ። አምሎዲፒን ሰውነት ውስጥ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይ አንድ ጠዋት ቢተዉት የሚያተርፉት የለም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ስለሚያበዛ ለዚያ ቀን ሰዓቱን ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ የሚከታተልዎትን ሐኪም ከሳምንት በፊት ይጠይቁ። ትልቁ ጥንቃቄ ግሊቤንክላማይድ ላይ ነው። ይህ ኪኒን በሉም አልበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል። “ጀልባ ላይ ያስመልሰኛል” ብለው ቁርስ ሳይበሉ ኪኒኑን ብቻ ውጠው ከተነሡ ስኳርዎ መንገድ ላይ ሊወርድ ይችላል። ቀለል ያለ ቁርስ ይብሉ። ጀልባ ላይ ካስመለሰዎት ደግሞ እንደደረሱ ስኳርዎን ይለኩ።

ስለ ጀልባው ካነሣን አይቀር፣ ብዙ ሰው ያላሰበው ነገር አለ። ዳይመንሃይድሪኔትን የመሰሉ የማቅለሽለሽ ኪኒኖች እንቅልፍ ያስይዛሉ፤ አፍና ቆዳንም ያደርቃሉ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ላብን የሚያግደው ከእነሱም በበለጠ ነው። ሳውና ውስጥ ሰውነትን ከመጋል የሚያድነው ደግሞ ላብ ነው። ኪኒኑ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ስለሚሠራ ጠዋት ከወሰዱት ሙቀቱን ወደ ከሰዓት በኋላ ያዙሩት፤ ልጥፉ ካለብዎት ሙቀቱን ጭራሹኑ ይተዉት። ከቻሉ ያለ መድኃኒት ይሞክሩ፦ ንቅናቄው አነስ ወደሚለው ወደ ጀልባው መሀል ይቀመጡ፣ ስልክዎን አይዩ፣ ዓይንዎን ሰማይና ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ያሳርፉ።

አሁን ወደ ሳውናው። ደረቁ ሳውና ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ሰውነት ሙቀቱን ለማስወጣት የቆዳን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ ልብም የተከፈተውን ሁሉ ለመሙላት በደቂቃ 100 ጊዜና ከዚያ በላይ ይመታል። እርስዎ ዘንድ አምሎዲፒን አስቀድሞ የደም ሥሮቹን አላልቷል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውሃና ጨው አስወጥቷል፤ በዚያ ላይ በአንድ ዙር ግማሽ ሊትር ያህል ላብ ሊወጣ ይችላል። ተቀምጠው ሳሉ ምንም አይሰማዎትም። ብድግ ሲሉ ግን ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፤ ዓይን ይጨልማል፤ የሚወድቁትም እርጥብ ወለል ላይ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ከመግባትዎ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ቀስ እያሉ ይጠጡ። ላይኛው መደብ በጣም ስለሚሞቅ ታችኛው ላይ ይቀመጡ። የመጀመሪያው ዙር ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይብቃዎት፤ ሁለተኛ ካስፈለገ ከ10 አይለፍ፤ ሦስተኛ አያስፈልግም። ተጋድመው ከነበረ ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ደቂቃ እግርዎን አውርደው ይቀመጡ፤ ከዚያ ግድግዳ ይዘው ይነሡ። ወጥተው ቢያንስ 15 ደቂቃ አረፍ ብለው አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጡ። ሻወሩን ለብ ባለ ውሃ ከእግር ይጀምሩ። ከሙቀት ወጥቶ ቀዝቃዛ ገንዳ ውስጥ መዝለል ለእርስዎ አይሆንም፤ ተከፍተው የነበሩት የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ሲኮማተሩ ግፊት ይዘላል፣ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። ቀለበትና የአንገት ሐብል ያውልቁ፤ ብረት ግሎ ቆዳ ያቃጥላል። ከአልኮል መጠጥ ጋር ሳውና ፈጽሞ አይሞከርም።

ስቲም 40 እና 50 ዲግሪ መካከል በመሆኑ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አየሩ በእርጥበት ስለተሞላ ላብ አይተንም፣ ሰውነትም አይቀዘቅዝም። ስለዚህ የደቂቃው ገደብ እዚያም አንድ ነው። “መርዝ በላብ ይወጣል” የሚሉዎትን አይቀበሉ፤ ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፣ ቆሻሻ የማስወጣቱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው። ሳውና ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የፊንላንድ ጥናት 2,315 ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል ተከታትሎ ሳውና የሚያዘወትሩት በድንገተኛ የልብ ሞት የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቷል። እነዚያ ግን ከልጅነታቸው የለመዱት ናቸው፤ የአንድ ቀን እንግዳ በእነሱ ልክ መቀመጥ የለበትም።

የስኳር መውረድና የሙቀት መድከም መልካቸው አንድ ነው፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማዞር፣ የልብ መምታት። እዚያ ሙቀት ውስጥ ሆነው መለየት አይችሉም፤ የሚለየው መለኪያው ነው። ሳውና ከመግባትዎ፣ ከመዋኘትዎ፣ በተለይም ከማሳጁ በፊት ይለኩ፤ ማሳጅ ላይ እንቅልፍ ሲወስድዎት ምልክቱ ያመልጥዎታል። በዴሲሊትር ከ100 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ትንሽ ነገር ቀምሰው ይግቡ። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወስደው ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙት። መለኪያውንና ስትሪፖቹን እንፋሎት ክፍል አያስገቡ፤ ሙቀትና እርጥበት ስትሪፑን አበላሽቶ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። ኢንሱሊን የሚወጉ አንባቢዎች ደግሞ የጋለ ቆዳ ኢንሱሊኑን ቶሎ እንደሚመጥ ያስቡ።

ጃኩዚውን ከመረጡ ውሃው ከ40 ዲግሪ አይለፍ፤ ለእርስዎ 38 ይበቃል፣ ጊዜውም 10 ደቂቃ። ሙቅ ውሃ ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሰዋል። ስለዚህ “ዛሬ ስንት ነው?” ብለው ይጠይቁ፤ የሚያውቅ ሠራተኛ ስትሪፕ ነክሮ ያሳይዎታል፦ ክሎሪን በሊትር ቢያንስ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.0 እስከ 7.8። ዓይን የሚያቃጥል የክሎሪን ሽታ የንጽሕና ምልክት ይመስላል፤ ግን ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ ሲበላሽ የሚመጣ ሽታ ነው። የገንዳውን ግድግዳ ከውሃው መስመር በታች በጣትዎ ይንኩት፤ የሚያንሸራትት ልጋግ ካለ አይግቡ፤ ባክቴሪያው የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ከባክቴሪያዎቹ የምፈራው ሌጂዮኔላን ነው፤ ከሚፈናጠረው ውሃ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል፣ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑና ስኳር ያለባቸውን ይበልጥ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድስ ቦቨንካርስፔል በተካሄደ የአበባ ኤግዚቢሽን ላይ ለዕይታ ከቀረበ የጃኩዚ ገንዳ በተነሣው ወረርሽኝ 32 ሰዎች ሞተዋል፤ የታመሙት ውሃው ውስጥ ሳይገቡ በአጠገቡ ያለፉ ጎብኚዎች ናቸው።

የድንጋይ ማሳጁን በእጅ ብቻ በሚሠራ ማሳጅ እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ። ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ቆዳው እየተቃጠለ “ሞቅ አለኝ” ብቻ ሊሉ ይችላሉ። ድንጋዩ የግድ ከሆነ በዘይት እየተንሸራተተ ይሂድ፣ አንድ ቦታ አይቀመጥ፣ እግር ላይ አይድረስ። ከጀርባ ሥር ተደርጎ የሚተኙበት ድንጋይ ከሁሉ ይብሳል፤ የሰውነትዎ ክብደት ደሙን ስለሚያግደው ሙቀቱን የሚያጥበው የለም። ባለሙያዋ በባዶ እጇ ይዛ መቆየት ካልቻለች ለእርስዎም ጋለ ማለት ነው። አንገት የሚጠመዝዝና የአንገትን ፊት ለፊት የሚጫን ማሳጅ ይቅር። አንደኛው ባትዎ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ወይም ሲነካ የሚያም ከሆነ ግን ማሳጁን ትተው ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ማሸቱም ነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰድደው ይችላል።

ፔዲኪዩር ላይ ሰው ሁሉ መቀሱን ያያል፤ መታየት ያለበት የእግር ገንዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ በአንድ የጥፍር ቤት ከ100 በላይ ደንበኞች እግራቸው ላይ ለወራት የማይድን እባጭ ወጣባቸው። ምንጩ ሲፈለግ ከገንዳው የውሃ መምጠጫ ወንፊት ጀርባ የተጠራቀመ ፀጉርና የቆዳ ቅርፊት ተገኘ፤ ባክቴሪያው እዚያ ውስጥ ነበር። ከመምጣታቸው በፊት እግራቸውን በምላጭ የተላጩት ደግሞ ይበልጥ ተጎድተው ነበር። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ እግርዎን አይላጩ፤ የውሃ መርጫና መምጠጫ የሌለው ተራ ሳሕን ይጠይቁ። ውሃው 37 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ በእግርዎ ሳይሆን በክርንዎ ይለኩት። ተረከዝ በምላጭ አይቀረፍ፣ የጥፍር ሥር ቆዳ አይቆረጥ፣ ጥፍሩ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ በጣቶች መካከል ያለውም በደንብ ይድረቅ። ማታ ውስጥ እግርዎን በመስታወት ይመልከቱ።

የፊት ስክራቡ ችግር የለውም፤ ችግሩ ከስክራቡ በኋላ ፀሐይ ላይ መውጣቱ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ስክራቡ የላይኛውን ሽፋን ያሳሳል፤ ባሕርና አሸዋ ደግሞ ጨረሩን ያንጸባርቃሉ። በአሲድ የሚሠራ መላጥ ይቅር። የማሳጁ ዘይት ቤርጋሞት ወይም ሌላ ከሎሚ ዝርያ የተሠራ ከሆነ በፀሐይ ቆዳን ሊያቃጥልና ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ስለሚችል ሽታ የሌለው ዘይት ያስመርጡ። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ይቀቡ፤ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ ሲወጡ ይድገሙት።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥልዎ። ከጀልባ ወርደው አንድ ሰዓት ይረፉና ይለኩ። ዋናውን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ያምጡት፤ ማታ ደክመውና ውሃ ጎድሎብዎት ባሕር አይገቡም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ከሰው ጋር፣ እግርዎ መሬት በሚነካበት ቦታ ይዋኙ። ምሳዎን በሰዓቱ ይብሉ። ምግቡ ከወረደ በኋላ ሳውና፣ ከዚያ ሙሉ አንድ ሰዓት ዕረፍት፣ ቀጥሎ ማሳጅ፣ መጨረሻ ላይ ጥላ ሥር ፔዲኪዩርና ፊት። ቀኑ ከጠበበ የሚሰረዘው ሳውናው ይሁን እንጂ ዕረፍቱ አይሁን።

ልጅዎ ሳውና፣ ስቲም፣ ጃኩዚና በሙቀት የሚጠቀለል ሕክምና አትግባ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእናት የሰውነት ሙቀት ከ39 ዲግሪ ሲያልፍ የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ሊዛባ ስለሚችል ሦስቱን ወር በሙሉ እንድትርቅ እንመክራለን። እርጉዝ መሆኗን ተናግራ በጎን ተጋድማ ቀላል ማሳጅ፣ ፔዲኪዩርና ሬቲኖል (በቆዳ ቅባቶች ውስጥ የሚገባ የቫይታሚን ኤ ዓይነት) የሌለበት የፊት እንክብካቤ ልታገኝ ትችላለች።

ደሴት ነውና ሲደርሱ የመጨረሻውን ጀልባ ሰዓትና ለድንገተኛ ሕመም በምን እንደሚያሻግሩ ይጠይቁ፤ የመድኃኒትዎንም ዝርዝር በወረቀት ይያዙ። ራሱን የሳተ ሰው ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወጥቶ ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል። ንግግሩ የተዘበራረቀና የጋለ ሰው ግን ጀልባ አይጠበቅለትም፤ እርዳታ እየተጠራ ወዲያውኑ በውሃና በማራገቢያ ይቀዝቅዝ።

ከተመለሱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ የዋና ልብስዎ የነካው ቦታ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ቢወጣ ከጃኩዚው የመጣ የፀጉር ሥር ቁስለት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ ስኳር ስላለብዎት ግን ያሳዩት። ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ የዚያኑ ዕለት ይታከሙ፤ ሲታከሙም “ጃኩዚ ያለበት ቦታ ውዬ ነበር” ማለትን አይርሱ። አሞክሲሲሊን ለሌጂዮኔላ አይሠራም፤ ሐኪሙ ይህን ከሰማ ገና ከመጀመሪያው የሚያዝልዎት መድኃኒት ይለያል።