ቃሉን ከጎረቤቱ ጋር ያዙት፦ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄ፦ በቀን ሃምሳ አዲስ ቃል እሸመድዳለሁ፤ በሳምንቱ አብዛኛው ይጠፋብኛል። የማስታወስ ችሎታዬ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ አልደከመም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የተሸመደደ ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን አሳይቷል። ሃምሳውን ወደ ስምንት ያውርዱትና በነጋታው፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ ይመለሱበት። ሲመለሱ ትርጉሙን በእጅዎ ሸፍነው ራስዎን ይጠይቁ። ደጋግሞ ማንበብ ብቻውን የማያውቁትን የሚያውቁት ያስመስልብዎታል።

ጥያቄ፦ መዝገበ ቃላቴ «ፌመስ»ንም «ኖቶሪየስ»ንም «ታዋቂ» ይላቸዋል። ሁለተኛው ከበድ ስለሚል ለማመልከቻ በጻፍኩት ደብዳቤ «ኖቶሪየስ ፕሮፌሰር» አልኩ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ደብዳቤው ገና በእጅዎ ካለ ዛሬውኑ ያርሙት! «ኖቶሪየስ» በክፉ ሥራው ስሙ የወጣ ማለት ነው፤ ለወንበዴ እንጂ ለሚያከብሩት መምህር አይሆንም። ጥፋቱ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ቃልን በአንድ አቻ ብቻ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ብዙ ሰው አሳስቷል። ቃል ጎረቤት አለው፤ አብሮት መሄድ የለመደ ሌላ ቃል ማለቴ ነው። እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ሰዓት እናስራለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን፤ እንግሊዝኛው ለሁሉም «ዌር» ይላል። በተራው ደግሞ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዝናቡን «ሄቪ» (ከባድ)፣ ነፋሱን «ስትሮንግ» (ብርቱ) ይሉታል፤ «ስትሮንግ ሬይን» (ብርቱ ዝናብ) ያለ ሰው ቢገባቸውም ጆሯቸውን ይቆረቁራቸዋል። ስለዚህ ደብተርዎ ላይ «ሄቪ» ብቻ ብለው አይጻፉ፤ «ሄቪ ሬይን» ብለው ይጻፉ። ትርጉሙንም እንግሊዝኛ ለእንግሊዝኛ ከሆነ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ከነምሳሌው ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ለከፍተኛ ትምህርት ከሆነ የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ይያዙ፤ 570 የቃል ቤተሰቦች፣ ማለትም ከአንድ ቃል የተራቡ ቃላት ስብስቦች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዝርዝር አይፈልጉ። በሚወዱት ጉዳይ ላይ ያንብቡ፤ ሁለት ጊዜ የተመላለሰብዎትን ቃል ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ የላቲን ሥር ማጥናት ይረዳል?

መልስ፦ ለመገመት ይረዳል። «ስፔክት» ከማየት ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቀ ሰው «ኢንስፔክት» (መመርመር)ና «ስፔክቴተር» (ተመልካች) ሲያጋጥሙት ብዙም አይደናገርም። ግምቱን ግን ያረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ሁለቱም «መጠቀም» ማለት ናቸውና፣ «ዩዝ» ከማለት «ዩቲላይዝ» ማለት የላቀ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። «ዩዝ» በሚበቃበት ሁሉ «ዩዝ» ይበሉ። ረቂቅ ቃል የሚያስፈልገው ልዩነት ሲያመጣ ነው፦ «አንዊሊንግ» የሆነ ሰው አልፈልግም ያለ ነው፤ «ሪላክታንት» የሆነው ግን እያቅማማም ቢሆን ሊያደርገው ይችላል።