አሮጌዋን ሆንዳ በትንሽ ወጪ ካፌ ሬሰር ማድረግ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰበታ ያቆሟትን አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተር ሳይክል በትንሽ ገንዘብ ካፌ ሬሰር (ቀለል ያለች፣ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ የውድድር መልክ ያላት ሞተር) ለማድረግ ከየት ልጀምር ብለው ጠይቀዋል። ከቀለምና ከመቀመጫ በፊት ፍሬኑን፣ ጎማውንና ሰንሰለቱን ያስጠግኑ፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ለውበት ከወጣ ለእነዚህ የሚተርፍ አይኖርም። ይህ አሠራር በፈረንጆቹ 1960ዎቹ በእንግሊዝ ወጣቶች ዘንድ ሲስፋፋ ዋነኛ መለያዎቹ ክብደት መቀነስና መሪውን ዝቅ ማድረግ ነበሩ፤ ሁለቱም ብዙ ወጪ አይጠይቁም። መሪው ዝቅ ካለ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙረው ታንኩን እንደማይነካና የፍሪሲዮኑ ገመድ እንደማይወጠር ያረጋግጡ።

አጥብቄ የምለምንዎ የአየር ማጣሪያ ሣጥኑን ለመልክ ሲባል አውጥተው እንዳይጥሉ ነው። የከተማው ዳርቻ አቧራ ሲሊንደሩን ይበላዋል፤ ደግሞም አካባቢው 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ነዳጅ ያበዛል፣ ሣጥኑ ሲነሣ ደግሞ ልኩ ጭራሽ ይዛባል። ሞተሯን ጥቂት ነድተው ካንዴላውን ይፍቱት፦ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ልኩ ደህና ነው፣ ጥላሸት ከያዘ ነዳጁ በዝቷል፣ ከነጣ አንሷል።

ለመቀመጫው ሲባል የኋላው ሻንሲ የሚበየድ ከሆነ አስቀድሞ ባትሪው ይነቀል። በመሪው አንገት ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ስለሚመሳከር፣ ቀለም ቀቢው እንዳይሞርደው አስቀድመው ይንገሩት።