ማዳመጫውን በስክሪፕት መቀያየር ለጠየቅከው ወንድም

ሰላም ወንድም። «የብሉቱዝ ማዳመጫዬ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል፣ ድምፁ ግን አሁንም በስፒከሩ ነው የሚወጣው። በየቀኑ ሴቲንግ ውስጥ እየገባሁ መቀየር ሰለቸኝ፣ በስክሪፕት ይቻላል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። በደንብ ይቻላል። እኔ ዛሬ ሁለት ቁልፍ ስጫን ብሉቱዙ ይበራል፣ ማዳመጫው ይገናኛል፣ ድምፁ ራሱ ይዞራል። እዚህ እስክደርስ ግን አንድ የሥራ ቃለ መጠይቅ አበላሽቻለሁ፣ አንድ የማያስፈልገኝ ማዳመጫም ገዝቻለሁ። አንተ እንዳትደግመው ብዬ ነው የምጽፈው።

ሊኑክስ ላይ ነህ ብዬ ልነሳ። ተርሚናል እንዴት እንደሚከፈት፣ ማዳመጫ እንዴት ፔር እንደሚደረግ አላስረዳም፣ እሱን ታውቀዋለህ።

1. መሣሪያውን በቁጥር አትጥራው። በስም ጥራው። ፓይፕዋየር (ሊኑክስ ላይ ድምፁን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ለእያንዳንዱ የድምፅ መውጫ የሚሰጠው ቁጥር ቋሚ አይደለም። ትናንት 47 የነበረው ማዳመጫ ዛሬ ተቋርጦ ሲመለስ 62 ሊሆን ይችላል። ፓክትል (pactl) በሚባለው ኮማንድ የመውጫዎቹን ዝርዝር ስታወጣ የማዳመጫህ ስም በ«ብሉዝ አውትፑት» (bluez_output) ይጀምርና ባለ 12 ሆሄውን የብሉቱዝ አድራሻ ያስከትላል። አድራሻው መሐል የነበሩት የሁለት ነጥብ ምልክቶች (:) ግን እዚህ ወደ አንደርስኮር (_) ተቀይረዋል። ይህችን ሳላይ ግማሽ ሌሊት «እንዲህ ያለ ስም የለም» ከሚል ኮምፒውተር ጋር ስጨቃጨቅ አድሬያለሁ። የስሙ ጭራም እንደ ቨርዥኑ ይለያያል። ስለዚህ አድራሻውን ብቻ በግሬፕ (ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ኮማንድ) ፈልግና ሙሉ ስሙን ስክሪፕቱ ራሱ ያውጣው።

2. «ተገናኝቷል» ሲልህ አትመነው። ዋናው ነገር ይኼ ነው፣ ሌላውን ብትዘለው እንኳን ይህን አንብብ።

ብሉቱዝሲቲኤል (ብሉቱዝን ከተርሚናል የሚያዘው ኮማንድ) ማዳመጫውን አገናኝቶ «ተሳክቷል» ይልሃል። የድምፅ መውጫው ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ቆይቶ ነው። አንዳንዴ አንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴ አራት አምስት። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ መሐል ላይ «3 ሰከንድ ተኛ» የሚል መስመር ከተትኩበት። ለወራት ሰራ። እንዲያውም ኮራሁበት፣ ለጓደኞቼ ሁሉ እያሳየሁ። ቤተሰብ እንዳልረብሽ ደግሞ መጨረሻው ላይ ስፒከሩን የሚዘጋ መስመር ጨመርኩ።

ከዚያ የቃለ መጠይቁ ቀን መጣ። ማዳመጫውን ከሣጥኑ ሳወጣው መጀመሪያ ስልኬ ቀድሞ ያዘው። ላፕቶፑ እስኪነጥቀው ጊዜ ፈጀ። ስክሪፕቱ 3 ሰከንዱን ተኛ፣ ነቃ፣ ማዳመጫውን ዝርዝሩ ውስጥ አጣው፣ ምንም ሳይናገር አለፈው። የሚቀጥለውን መስመር ግን አልዘለለም፣ ስፒከሩን ዘጋው። ሦስት ሰዎች ስክሪኑ ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እኔ ምንም አልሰማም። «ይሰማችኋል?» እላለሁ። ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። እነሱ እኔን ይሰሙኛል እኮ! ስፒከሩን ራሴ እንደዘጋሁት እስካስታውስ ደቂቃዎች አለፉ። ያመለከትኩት ደግሞ ነገሮችን አውቶሜት ለሚያደርግ ሥራ ነበር። ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ስክሪፕቱ በየግማሽ ሰከንዱ «ስሙ መጥቷል?» ብሎ ይጠይቃል። እስከ 15 ሰከንድ ካላገኘው ማሳወቂያ አሳይቶኝ ያቆማል። ካገኘው ዲፎልት (ሲስተሙ በቀጥታ የሚጠቀምበት መውጫ) ያደርገዋል፣ ከዚያ ዲፎልቱ በእርግጥ መቀየሩን መልሶ ያያል። ስፒከር መዝጋት ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ። ቀድሞ መጫወት የጀመረ ድምፅ በድሮው መውጫ ላይ ከቀረ ደግሞ በፓክትል «ሙቭ ሲንክ ኢንፑት» (move-sink-input) በሚለው ኮማንድ ለብቻው አዛውረው።

3. ማይኩን ለማዳመጫው አትስጠው። አንተ ስለ ማይክ አልጠየቅክም፣ ግን ትደርስበታለህ። እኔ ስብሰባ ስገባ ሙዚቃ የመሰለው ጥርት ያለ ድምፅ ድንገት ይፈርሳል፣ ሰዎችም «ጉድጓድ ውስጥ ነህ እንዴ?» ይሉኛል። ለሻጩ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። የመለሰልኝ ሰው ነገሬን ሳልጨርስ «ሌላ ሰው አላማረረም፣ ጆሮህን ታየው» አለኝ። ሊኑክስ ስል ደግሞ ሳቀ። ተናድጄ ከሌላ ቦታ ሌላ ማዳመጫ ገዛሁ። እሱም ያው!

ችግሩ የማዳመጫው አልነበረም። በተለመደው ብሉቱዝ ጥራት ያለው ድምፅ በኤቱዲፒ (A2DP) ፕሮፋይል፣ ማለትም ለሙዚቃ በተሠራው የብሉቱዝ አሠራር ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ ማይክ አያውቅም። የስብሰባው ፕሮግራም የማዳመጫውን ማይክ ሲከፍት ሲስተሙ ለስልክ ጥሪ ወደተሠራው ኤችኤፍፒ (HFP) ይገለብጠዋል፣ ያኔ ድምፁ ሞኖ ሆኖ ብዙ ጊዜ ወደ 8 ወይም 16 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲሱ አሠራር ይህን ያቃልላል፣ ግን ማዳመጫውም ኮምፒውተሩም ሊደግፉት ይገባል። እስከዚያው በስክሪፕትህ ዲፎልት ማይኩን የላፕቶፑ አብሮ የተሠራ ማይክ አድርገው፣ ፕሮፋይሉንም በኤቱዲፒ አስይዘው። ሁለት መስመር ነው። ለሁለት መስመር ነው አዲስ ማዳመጫ የገዛሁት። የስብሰባ ፕሮግራሙ ሴቲንግ ላይም «እንደ ሲስተሙ» የሚለውን ምረጥ፣ አለዚያ የራሱን ምርጫ ይዞ ይቀራል፣ ስክሪፕትህ የፈለገውን ቢያደርግ አይሰማም።

4. ሱዶ አትጠቀም። ሱዶ ኮማንድን በሩት፣ ማለትም በዋናው አስተዳዳሪ ስም የሚያስኬድ ነው፣ ድምፅ ላይ ግን ይህ ያሰናክልሃል። ማዳመጫው ሲመጣ ስክሪፕቱ ራሱ እንዲነሳ ብዬ ዩዴቭ (መሣሪያ ሲሰካ ወይም ሲገናኝ የሚያውቀው የሊኑክስ ክፍል) ውስጥ ከትቼው ነበር። በእጅ ሳስነሳው ይሠራል፣ በራሱ ሲነሳ ጸጥ። ለካ ዩዴቭ የሚያስነሳው በሩት ነው፣ የድምፁ ሰርቨር ያለው ደግሞ በእኔ ሴሽን ውስጥ ነው፣ አይተዋወቁም። በሲስተምዲ (ፕሮግራሞችን ከጀርባ የሚያስነሳው የሊኑክስ ክፍል) የተጠቃሚ ሰርቪስ አድርገው፣ ሰርቪሱ በ«ፓክትል ሰብስክራይብ» ለውጦችን እየሰማ ስክሪፕቱን ያስነሳዋል። ሁለት ሌሊት ነው ያተረፍኩልህ።

ዊንዶውስ ላይ ከሆንክ ግምቴ ተሳስቷል ማለት ነው፣ ይቅርታ። እዚያ ለፓወርሼል (የዊንዶውስ ተርሚናል) ኦዲዮዲቫይስ ኮማንድሌትስ (AudioDeviceCmdlets) የሚባል ሞጁል አለ፣ አብሮ አይመጣም፣ ትጭነዋለህ። ዲፎልቱ ሁለት መሆኑን ብቻ አትርሳ፣ አንዱ ለተራ ድምፅ፣ ሌላው ለጥሪ። አንዱን ብቻ ቀይረህ «አልሠራም» የምትለው ያኔ ነው። የአፕል ኮምፒውተር ከሆነ ብሉዩቲል (blueutil) ለማገናኘት፣ ስዊችኦዲዮ (switchaudio-osx) ለመቀየር የሚባሉት ኮማንዶች ይበቃሉ። የሁለተኛው ነጥብ ጣጣ ግን እዚያም አይቀርልህም።

ሞክረውና አልሄድ ካለህ ተርሚናሉ ያወጣውን ስህተት እዚህ ለጥፍ። ኮፒ አድርገህ እንጂ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስተህ እንዳይሆን፣ አደራ።